«አምና ልምምዱን አልፈናል፣ ዘንድሮ ምን ልፈትን?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የመስሪያ ቤታችን የስራ ቀጣይነት እቅድ፣ ቢሲፒ የምንለው፣ አደጋ ቢደርስ ስራ እንዳይቋረጥ የምንከተለው ማለት ነው፣ በቅርቡ እኔ ላይ ወደቀ። ሰነዱ 60 ገጽ ነው። አምና ሃላፊዎቹ ስብሰባ ክፍል ቁጭ ብለው ሁለት ሰአት «ልምምድ» አደረጉና ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ነገር «ተሳክቷል» ተብሎ ተጻፈ። አሁን ኦዲተሩ የዘንድሮውስ እያለ ነው፣ አለቃዬ ደግሞ ያንኑ ድገሚው አለኝ፣ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሲስተም አጥፍቼ ልፈትን ብልስ፣ ስራ ቢቆም እኔን አይደል የሚያባርሩኝ?

መልስ፦ ልብሽ ልክ ነው እህቴ። አንድም ነገር ያልከሸፈበት ልምምድ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ፈተናውን ማን አወጣው ብዬ ነው፣ ብዙ ጊዜ እቅዱን የጻፈው ሰውዬ ራሱ ሆኖ ይገኛል፣ ጠያቂም መላሽም አራሚም እሱ ነው፣ ታዲያ ምኑ ይወድቃል?

ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ መነጋገሩን ግን አልንቀውም። «ህንጻው ተዘጋ እንበል፣ ሰራተኛው ከቤት ይስራ ብሎ የሚወስነው ማነው?» ስትያቸው ሶስት ሃላፊዎች እርስ በርስ ከተያዩ ይሄ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። ችግሩ ምንድነው፣ ጠረጴዛ ላይ ባክአፕ፣ የዳታው መጠባበቂያ ኮፒ ማለት ነው፣ ሁሌ ይሰራል፣ አይቲው «ከባክአፕ እንመልሳለን» ይላል፣ ሰብሳቢው እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ በቃ።

ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት የደረሰበትን ልንገርሽ፣ ራሳቸው በዝርዝር ጽፈውት የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ማጥፋት ጀመረ፣ ወዲያው ነቅቶ ቢያቆመውም ወደ 300 ጊጋባይት ከነበረው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ባክአፕ አላቸው አይደል? በወረቀት አምስት አይነት መንገድ ነበራቸው፣ አንዱም በደንብ አልሰራም። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልገጠመ ሲከሽፍ ነበር የቆየው፣ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ መንገድ ላይ እየተመለሰ ማንም ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ስራ ብሎ አደጋው ከመድረሱ 6 ሰአት ያህል ቀደም ብሎ የወሰደው ኮፒ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን እንኳን ከምር ዳታውን ከባክአፑ መልሰው ቢሞክሩ ይሄ ሁሉ ቀድሞ ይታይ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምንም ማጥፋት አያስፈልግሽም፣ ለመጀመሪያ ጊዜማ ጭራሽ እንዳትሞክሪው። አንድ ሲስተም ብቻ ምረጪ፣ ቢቆም ደንበኛ ወዲያው የሚጮህበትን። ከዛ ባክአፑን ከዋናው ጋር በማይነካካ ሌላ ሰርቨር ላይ መልሱ በያቸውና ሰአት ያዢ። እቅዱ «በ4 ሰአት ውስጥ ይመለሳል» ካለና 11 ሰአት ከፈጀ ኦዲተሩ የሚፈልገው መረጃ እሱ ነው። ሲመለስ ዳታው የመቼ እንደሆነ እዪ፣ ስራውን በየቀኑ የሚሰራበት ሰው ገብቶ ይሞክረው እንጂ አይቲው «ተነስቷል» ስላለ ብቻ እንዳትቀበይ።

እና ዋናው ተንኮል እዚህ ጋ ነው፣ ሁሉን የሚያውቀው ልጅ አለ አይደል፣ የትም ቤት አይጠፋም፣ እሱን «ዛሬ ፈቃድ ላይ ነህ» በይውና አስቀምጪው፣ ቁጭ ብሎ ይይ፣ አይናገር። ሌሎቹ ሰነዱን ይዘው ይሞክሩ። ፓስዎርዱ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ በ10 ደቂቃ ታውቂዋለሽ።

አደጋ ሲደርስ የሚደወልላቸውን ሰዎች የስልክ ዝርዝር ደግሞ ከስራ ሰአት ውጪ ሞክሪው፣ ወጪ የለውም፣ የለቀቁ ሰዎች ቁጥር አሁንም ተቀምጦ ልታገኚ ትችያለሽ። መልእክቱ ግን «ይህ ልምምድ ነው» ብሎ ይጀምር፣ ሰው አታስደንግጪ። ልምምዱን በማንኛውም ሰአት አቁሙ ማለት የሚችል አንድ ሰውም አስቀድሞ ይታወቅ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ አይኤስኦ 22301 የሚባለው አለም አቀፍ የስራ ቀጣይነት ስታንዳርድ ራሱ ልምምድ በታቀደ ጊዜና ትልቅ ለውጥ ሲኖር ይደረግ ይላል፣ ከዛም ውጤቱን፣ ምክረ ሃሳቡንና መደረግ ያለበትን የያዘ ሪፖርት ይጻፍ ይላል። ያንኑ መድገም መቼም አዲስ ነገር አይነግራችሁም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ለ6 ሰአት ያህል ሲጠፋ ብዙ ሲለማመዱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፣ ልምምዱም ሲስተሙን ቀስ ብለው ሲያስነሱት ጠቅሟቸዋል፣ ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘው ዋናው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋስ የሚለውን ግን ሞክረውት አያውቁም ነበር።

ሪፖርትሽ ላይ «ተሳክቷል» የሚል ቃል ባይኖር ደስ ይለኛል። ስንት ሰአት ፈጀ፣ የት ጋ ተያዘ፣ ማን እስከመቼ ያስተካክለዋል፣ ይሄን ጻፊ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ከዛው ከተያዘበት ጀምሪ።