«ተፈታ» ወይስ «ነጻ ወጣ»?

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ታስሮ ከርሞ ሰሞኑን በዋስ ወጣ። አክስቴ ሰው ባየች ቁጥር «ልጄ ነጻ ወጣልኝ!» ትላለች። እኔ «ተፈታ በይ እንጂ፣ ነጻ ገና አልወጣም» ብላት አኮረፈችኝ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አክስትዎን ይቅርታ ይጠይቁ። ክርክሩን ግን ረትተዋል።

«ፈታ» የገመድ ቃል ነው። የታሰረ ሁሉ ይፈታል፤ በሬም፣ ጫማም፣ እስረኛም። ቃሉ ስለ እስሩ እንጂ ስለ ታሳሪው ጥፋት ምንም አይናገርም። ስለዚህ ፍርዱን የጨረሰም ተፈታ፣ ያለ ጥፋቱ የታሰረም ተፈታ ይባላል። በዋስ፣ በይቅርታ፣ በምሕረት፣ በአመክሮ ተፈታ ቢሉ ሁሉም ያስኬዳል። («አመክሮ» ራሱ ከግዕዝ «አመከረ»፣ ማለትም ፈተነ፣ የመጣ ነው። የወጣው ሰው ገና እየተፈተነ ነው።)

«ነጻ» ከገመድ ጋር ዝምድና የለውም። ምንጩ ግዕዙ «ነጽሐ» ነው፤ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት። አማርኛ እንደ ልማዱ የመጨረሻዋን «ሐ» ዋጣትና «ነጻ» አለው። «ፈትሐ»ንም እንዲሁ «ፈታ» አድርጎታል። «ንጹሕ» እና «ፍትሕ» ግን «ሕ»ያቸውን ይዘው ቀሩ። አዎ፣ «ፍትሕ» እና «ተፈታ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ግዕዙ «ፈትሐ» ሁለቱንም፣ መፍታትንም መፍረድንም ይዟል።

እንግዲህ ሰው «ከደሙ ነጻ ነኝ» ሲል እጄ ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። የሕጉም ቋንቋ ይኼው ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 መሠረት፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በማስረጃ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። «በነጻ» ሲባል «ያለ ክፍያ» የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። ጠበቃ ያቆመ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል! በዋስ የወጣው ልጅ ግን ቀጠሮ አለበት። ገመዱ ተፈቷል፣ ክሱ አልጠራም።

«ፈታ» የማይገባበት ቤት የለም። ትዳር ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ የተሸነፈ ጦር ይፈታል። ልጅ አፉን ይፈታል፤ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የምንለው ከዚሁ ነው። የከተማ ልጅ ደግሞ የተጨነቀ ጓደኛውን «ፈታ በል!» ይለዋል። በነዚህ ሁሉ ቦታ «ነጻ ወጣ»ን ይተኩና ይሞክሩት። «ሕልሜ ነጻ ወጣ» የሚል ሰው ካገኙ ይጻፉልኝ።

ለአክስትዎ የምከራከርላቸው አንድ ነገር አለ። «ነጻ ወጣ» ከፍርድ ቤት ውጭ ሰፊ ነው። አገር ከወራሪ ነጻ ይወጣል፤ ባሪያ ከጌታው ነጻ ይወጣል፤ ለዚህኛው «አርነት ወጣ» የሚል የቆየ ቃልም አለን። እናት ልጇን ደጃፏ ላይ ስታየው ከዚያ ያነሰ አይሰማትም። ስለዚህ በደስታ የወጣ ቃላቸውን አላርምም። ጋዜጠኛ በዋስ የወጣን ሰው «ነጻ ወጣ» ብሎ ከጻፈ ግን ስሕተት ነው፣ ከዳኛው ቀድሞ ፈርዷልና። «በዋስ ተለቀቀ» ይበቃዋል።