የግስላው ሰምና ወርቅ፦ ስለ «ብላክ ፓንተር» ፊልም ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ የንባብና የፊልም ወዳጆች ተሰባስበን «ብላክ ፓንተር»ን ካየን በኋላ ሰዓቱ ስላልበቃን ጥያቄዎቻችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ሰጥታችሁኛል። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ከታሪክና ከአፈ ታሪክ ጋር የሚያያዙትን መርጬ እመልሳለሁ። ፊልሙን ላላየ ሰው ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዋካንዳ የምትባል ምናባዊት አፍሪካዊት አገር ከሰማይ በወደቀ ቫይብራኒየም የሚባል ማዕድን በልጽጋ፣ ለዓለም ግን ደሃ መስላ ተሰውራ ትኖራለች። አባቱ የሞተበት ትቻላ ሲነግሥ የግስላውን ልብስና ኃይል ይወርሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ወላጅ አልባ ሆኖ ያደገው የአጎቱ ልጅ ንጃዳካ፣ በቅጽል ስሙ ኪልሞንገር፣ ዙፋኑን ሊጠይቅ ይመጣል። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2018 ያዘጋጀው ራያን ኩግለር ሲሆን፣ ገጸ ባሕርዩን በ1966 በሥዕላዊ መጽሔት የፈጠሩት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድን ትዕይንት «ይህ ተምሳሌት ነው» ለማለት ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ያየነውን ሁሉ ከታሪክ ጋር ማያያዝ አንችልም?

መልስ፦ አንችልም፤ ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩትም ለዚሁ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ ጋር የሚያስተሳስር ኅብረ ቃል አለ፤ ያ ቃል በግጥሙ ውስጥ ከሌለ አድማጩ «ወርቅ አገኘሁ» ቢልም ወርቁ የራሱ እንጂ የባለ ቅኔው አይሆንም። በፊልምም እንዲሁ፣ አንድ ምስል፣ ስም ወይም ንግግር ከፊልሙ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ታሪኩ ሊያሻግረን ይገባል። ተመልካች ከራሱ አገር ታሪክ አምጥቶ የሚያነጻጽረውም ዋጋ አለው፤ ነገር ግን «አዘጋጁ ይህን አስቦ ነው» እና «እኔ ይህን አስታወስኩ» የሚሉት ሁለት አባባሎች መደባለቅ የለባቸውም። ከዚህ በታችም የትኛውን እንደምናገር በየቦታው እገልጻለሁ።

ጥያቄ፦ ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን የጻፉልኝ አምስት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በዓይን የሚታየው ነገር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የዋካንዳ ሰዎች የሚናገሩት የደቡብ አፍሪካውን ኮሳ ቋንቋ ነው፤ የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ የሌሶቶዎቹ የባሶቶ ሕዝብ ነው፤ የንግሥቲቱ የራስ ድፋት ያገቡ የዙሉ ሴቶች የሚያደርጉት ኢሲቾሎ ነው፤ ጽሕፈታቸውም ናይጄሪያ ውስጥ ከሚታወቀው ከንሲቢዲ ምልክቶች የተወሰደ ነው። በአልባሳቱ ሥራ ኦስካር የተሸለመችው ሩት ካርተር ከብዙ ሕዝቦች እየቀዳች እንደሠራች ግልጽ ነው። ስለዚህ «ዋካንዳ የእኛ ናት» ብሎ መደምደም ሌሎቹን ባለቤቶች መንጠቅ ይሆናል።

ሆኖም ቅኝ ያልተገዛች አገር የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን፣ ዓድዋን፣ ሳያስታውስ አያልፍም። ከዚያም ይልቅ የሚገርመኝ የቄሱ ዮሐንስ አፈ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1165 ገደማ ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ፤ ከዓለም ጀርባ ተሰውሮ በወርቅና በዕንቁ የበለጸገ አንድ ክርስቲያን ንጉሥ እንዳለ ይተርካል። አውሮፓውያን ይህን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው አሉ፤ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ ሲመጡም ይኸው ስም በአፋቸው ነበር። የተሰወረ፣ ሀብታም፣ ብርቱ ጦር ያለው ንጉሥ የሚለው ምስል ከዋካንዳ በፊት ቢያንስ ስምንት መቶ ዓመት ኖሯል ማለት ነው።

ልዩነቱን ግን አስተውሉ። በአፈ ታሪኩ አውሮፓ የተሰወረውን ንጉሥ «መጥተህ በጦርነቴ እርዳኝ» ትለዋለች። በፊልሙ ደግሞ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ዘር የሆነው ኪልሞንገር «ይህን ሁሉ ኃይል ይዛችሁ እኛ ስንጋዝ የት ነበራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ እኔ ንባብ ፊልሙን ከተራ የጀግና ፊልም የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። በእኛ ታሪክ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አይተነዋል፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን ያበረረው ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር።

ጥያቄ፦ ግስላ በእርግጥ ያለ እንስሳ ነው ወይስ ፊልሙ የፈጠረው? (የሰባተኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ አለ፣ ልጄ። ግስላ ማለት ጥቁር ነብር ነው፤ ቆዳውን የሚያጠቁረው ቀለም ስለበዛበት እንጂ ከነብር የተለየ ዝርያ አይደለም፤ ፀሐይ በጎኑ ስታርፍበት ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይታያል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በባሌው የሐረና ደን ይኖራል። የጥንት አርበኞቻችንም የግስላ ለምድ ይለብሱ ነበር፤ ስለዚህ ግስላ ለብሶ የሚዋጋ ሰው ለአያቶችህ እንግዳ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በፊልሙ የምትጠራው ባስት ማን ናት?

መልስ፦ የጥንት ግብፃውያን አምላክ ናት። በመጀመሪያ የአንበሳ፣ በኋላ የድመት መልክ ይሰጧት ነበር፤ ዋና መቅደሷም በናይል ደለል ምድር በቡባስቲስ ከተማ ነበር። ፊልሙ ለመጀመሪያው የዋካንዳ ተዋጊ የልብ ቅርጽ ያለውን ዕፅ ያሳየችው እርሷ ናት ይላል። ስሟ በቀጥታ ስለተጠራ ይህ የአዘጋጁ ወርቅ ነው፤ የግብፅን አፈ ታሪክ ወደ ፊልሙ ለመግባት በሩን የሚከፍትልንም እርሷ ናት።

ጥያቄ፦ በፏፏቴው የተጣለው ትቻላ ከሞት አፋፍ የሚነሣበት ክፍል ከክርስትና የተወሰደ ነው? እኔ እንዲያ መሰለኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሞቶ መነሣት ሲባል ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው ትንሣኤን ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ስንመረምር ወደ ኦሳይረስ ያደላል። በግብፅ አፈ ታሪክ ንጉሡ ኦሳይረስ ዙፋኑን በተመኘው በወንድሙ በሴት ይገደላል፤ አስከሬኑ በሣጥን ሆኖ በናይል ይጣላል፤ ሚስቱ ኢሲስ ከእኅቷ ጋር ፈልጋ፣ አልቅሳና ሰብስባ ታስነሣዋለች። በፊልሙም ገዳዩ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ምክንያቱ ዙፋን ነው፣ ንጉሡ የሚጣለው በውኃ ነው፣ ዕፁን ይዘው ተራራ የሚወጡትና በዚያ አግኝተው የሚያስነሡትም እናቱ፣ እኅቱና ወዳጁ ናቸው። ባስት አስቀድማ ስለተጠራች ይህን ንባብ ከአዘጋጁ ሐሳብ አርቄ አላየውም።

ከወንዙ ያወጣው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ይህን ፊልሙ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኛ ግን በአሞራ ገደል በማለዳ መረብ ሲጎተት የምናይ ሰዎች ነንና፣ እርጥቡ ገመድ በትከሻ ላይ ሲከብድ፣ ጎታቹም መረቡ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ትዝ ይለናል። ያን ጊዜ አንድ ንጉሥ በመረብ መውጣቱ ትንሽ ነገር ሆኖ አይታየንም።

ከሲዳማ ወገን የሆነ ወንድም በዚሁ ወረቀት ሥር ስለ ንግሥት ፉራ ጨምሮ ጠይቋል። በሚነገረው ትውፊት፣ በወንዶች ላይ የማይቻል ትእዛዝ ታበዛ የነበረችው ፉራ በመጨረሻ በፈጣን የዱር እንስሳ ላይ ታስራ ትለቀቃለች፤ አካሏም እየተበጣጠሰ በወደቀበት ቦታ ሁሉ አገሩ በዚያ አካል ስም ይጠራል። የኦሳይረስም አካል ተቆራርጦ በግብፅ ምድር ተበትኗል፤ ክፍሉ በተገኘበትም መቃብር ተሠርቶለታል። ይህ ንጽጽር የእኛ እንጂ የፊልሙ አይደለም። ሆኖም የገዢው አካል ካርታ ሲሆን ማየት፣ ንጉሥና ምድር አንድ ናቸው የሚለውን ጥንታዊ እምነት ለመረዳት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይረዳል፤ ትውፊቱን ከአያቶችህ ቀድተህ ብታስቀምጠው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የተራራው ሰዎች ለምን የሕንድን አምላክ ይጠራሉ?

መልስ፦ ጃባሪዎቹ የሚጠሩት ሃኑማንን ነው። በራማያና ትረካ የዝንጀሮ መልክ ያለው ሃኑማን የቆሰለውን ላክሽማናን የሚያድን ዕፅ ፍለጋ ወደ ሂማላያ ሄዶ፣ ዕፁን መለየት ሲያቅተው ተራራውን እንዳለ ተሸክሞት ይመጣል። በፊልሙም የሚያድነው ዕፅ፣ በረዷማው ተራራና በሞት አፋፍ ያለው ሰው በአንድ ትዕይንት ተገናኝተዋል።

ጥያቄ፦ ሴት ዘበኞቹስ?

መልስ፦ ዶራ ሚላጄ የሚባሉት ዘበኞች በዛሬዋ ቤኒን ሪፐብሊክ የነበረውን የዳሆሜ መንግሥት ሴት ጦረኞች ያስታውሳሉ፤ እነዚያ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተዋግተዋል።

ጥያቄ፦ ከደቡብ ኦሞ ነኝ። የከንፈር ገል ያደረገውን ሽማግሌ ሳይ ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ።

መልስ፦ ቅር ያለህ ነገር እኔንም ቅር ብሎኛል። በሙርሲና በሱሪ የከንፈር ገል የሴቶች ነው፤ ልጃገረድነትን ተሻግራ ሴት የመሆን ክብር አለው። ፊልሙ ግን በወንድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ አደረገው። ከአረንጓዴው ሱፉ ጋር ሲታይ ውብ ነው፤ ትርጉሙ ግን ወልቋል። ኅብሩ የጠፋበት ሰም የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ የሙዚየሙ ትዕይንት ምንን ያመለክታል?

መልስ፦ ኪልሞንገር በለንደን ምናባዊ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ፊት ቆሟል። ቡና የያዘችው ባለሙያ ዕቃዎቹ ከየት እንደመጡ ታስረዳዋለች፤ ጥበቃዎቹ ከገባ ጀምሮ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። አንዱን መጥረቢያ ከቤኒን ነው ስትለው፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከቤኒን እንደወሰዱት፣ ምንጩ ግን ዋካንዳ እንደሆነ ያርማታል፤ ቀጥሎም አያቶቿ ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ያገኙት ይመስላት እንደሆነ ይጠይቃታል። ቤኒን የሚለው ስም ኅብረ ቃሉ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 በዛሬዋ ናይጄሪያ ያለችውን የቤኒንን ከተማ ወርሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የነሐስና የዝሆን ጥርስ ሥራዎችን ዘርፏል።

ኢትዮጵያዊ ግን ይህን ትዕይንት ሲያይ መቅደላ ትመጣበታለች። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያም ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ዛሬም 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም። በገብርኤል ዕለት ታቦቱ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ሲወጣ፣ ሰዉ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ሲሰግድ ላየ የሐዋሳ ሰው፣ ያ ጽላት በባዕድ አገር መደርደሪያ ላይ መኖሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ኪልሞንገር በመስታወቱ ፊት የቆመበት ቁጣ ለእኔ ከዚህ የሚለይ አይደለም፤ የሚገድልበትን መንገድ ግን አልቀበልም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ክፉ የተባለው ሰው ሲሞት ለምን አለቀስኩ?

መልስ፦ አባቱ ንጆቡ በገዛ ወንድሙ በንጉሥ ትቻካ እጅ ሲገደል ልጁ በአሜሪካዋ ከተማ በኦክላንድ ብቻውን ቀርቷል። ዕፁን ጠጥቶ ወደ አባቶች ዓለም ሲሄድ ትቻላ ሰፊ ሜዳ ያየበት ቦታ ለእርሱ ያቺው የኦክላንድ ጠባብ ቤት ናት፤ አባቱም በአገሩ ሰዎች ዘንድ «የጠፋ» ተብሎ እንዳይቆጠር እንደሚፈራ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ የምጨምረው የእኔ ንባብ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ስሙ የለም። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞተች። እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ሞተና በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። ንጃዳካም የንጉሥ ዘር፣ አባቱን በልጅነቱ የተነጠቀ፣ አገሩን በትረካ ብቻ የሚያውቅ ነው። አንዱ በቁጣ ተመለሰ፤ ሌላው ሳይመለስ ቀረ።

በመጨረሻው ትዕይንት ትቻላ ቁስሉን ሊያስታምምለት ይፈልጋል፤ ኪልሞንገር ግን እስራትን ከሚቀበል ከመርከብ ወደ ባሕር ከዘለሉት አያቶቹ ጋር መቀበርን ይመርጣል። ይህም በታሪክ የታወቀ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1803 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ጠረፍ፣ በሴንት ሳይመንስ ደሴት፣ ምርኮኛ የነበሩ የኢግቦ ሰዎች ወደ ውኃው ገብተው ሞትን መርጠዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ላለመስጠት ሽጉጣቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ። ልጃቸው ግን ምርጫ አልነበረውም። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለም፤ የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ነበር የተሰጠው።