ስለ ስሎቫክኛና ሰርብኛ ዘዬዎች ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ ስሎቫክኛ የሚችል ሰው ሰርብኛ ይገባዋል?

እዚህም እዚያም ቃል ይለቅማል እንጂ ወሬውን አይከተልም። ሁለቱም የስላቭ ዘር ናቸው። ግን ስሎቫክኛ ከቼክኛና ከፖላንድኛ ጋር በምዕራቡ ቅርንጫፍ ነው፤ ሰርብኛ በደቡቡ። መሃላቸው ሃንጋሪ ገብታለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በዘዬ ልዩነት የሚብሰው የቱ ነው?

ሁለቱም ጉደኛ ዳር አላቸው። የስሎቫክኛው ምሥራቅ ነው፣ እነ ፕሬሾቭ። መደበኛው ቋንቋ አናባቢ ያስረዝማል፤ ጫናውን፣ ማለትም ድምፅ ጠበቅ የሚደረግበትን ቦታ፣ በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያደርጋል። ምሥራቆቹ ማስረዘሙን ትተውታል። ጫናውንም እንደ ፖላንዶች ከቃሉ መጨረሻ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ያሳርፋሉ። «ምን» ለማለት መደበኛው «ቾ» ሲል እነሱ «ትሶ» ይላሉ።

ለእኔ ግን የሚገርመው የሰርቢያ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ኒሽ፣ ቭራኜ፣ ፒሮት። መደበኛው ሰርብኛ የስም መጨረሻን በ7 መልክ ያገላብጣል፤ ተማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። እዚያ አብዛኛው ቀርቷል። በፒሮት በኩል ጭራሽ እንደ ቡልጋርኛ ስሙ መጨረሻ ላይ አመልካች ይለጠፋል። እኛ «ሰው» ብለን «ሰውዬው» እንደምንለው ማለት ነው። መደበኛው ሰርብኛ ይህ የለውም።

ጥያቄ፦ ቤልግሬድ የተማርኩት ቦስኒያ ያስኬደኛል?

ያለ ችግር። ወተት ቤልግሬድ «ምሌኮ» ነው፣ ቦስኒያ «ምሊዬኮ»። ሁለቱም በመደበኛነት ይጻፋሉ።

ጥያቄ፦ መደበኛው ስሎቫክኛ የብራቲስላቫ አነጋገር ነው?

አይደለም፤ ብራቲስላቫ ምዕራብ ናት። ቄሱ አንቶን ቤርኖላክ በ1787 ምዕራቡን ይዞ መደበኛ ቋንቋ ለማውጣት ሞክሮ ነበር፤ አልዘለቀም። በ1843 ጸሐፊውና ፖለቲከኛው ሉዶቪት ሽቱር የማዕከላዊውን አነጋገር መረጠ፤ የዛሬው መሠረት እሱ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ?

አለ፤ ሰሜን ሰርቢያ፣ ቮይቮዲና። ስሎቫኮች ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ባችኪ ፔትሮቫትስ ይኖራሉ፤ ቋንቋቸው በክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። እዚያው ቮይቮዲና፣ ሩስኪ ክርስቱር ያሉት ሩሲኖች የሚባሉ ሌሎች የስላቭ ሕዝቦች ደግሞ የሚናገሩት የምሥራቅ ስሎቫክኛን በጣም ይመስላል። የምሥራቅ ስላቭ ነው ወይስ የምዕራብ? ምሁራኑ አሁንም ይከራከራሉ።

ጥያቄ፦ ማዕከላዊው ስሎቫክኛ ወደ ሰርብኛ ይጠጋል ሲባል እውነት ነው?

በጥቂቱ፣ አዎ። ክርናችሁን ንኩ። ሰርቡ «ላካት» ይላል፤ ማዕከላዊው ስሎቫክ «ላኬት»። በምዕራብና በምሥራቅ ስሎቫኪያ ግን ቃሉ በ«ሎ» ይጀምራል፣ ልክ እንደ ቼክኛ። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በርከት ስለሚሉ የማዕከላዊው ሕዝብ አባቶች በከፊል ከደቡብ መጡ የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ።