ዓባይን ሲወጣ የሚደክም ኮሮላ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ። የ2005 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ ቤንዚን ነው። ጠዋት ሳስነሳው ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ግን ጉልበት ያጣል፣ የተጫነ ሚኒባስ ሳይቀር ያልፈኛል። ኮምፒውተር ላይ ሲነበብ ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። ካንዴላም የኦክስጅን ሴንሰርም አስቀየርኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ መካኒክ የቫኪዩም ጌጅ ገጠመና «12 ነው፣ ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ» አለኝ። ላስፈታው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ኧረ እንዳታስፈታው! መጀመሪያ 12ቱን እንጨርስ። ጌጁ የሚለካው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን የመሳብ ኃይል፣ ማለትም ቫኪዩሙን ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነባል የሚባለው ጅቡቲ ወደብ ላይ ለቆመ መኪና ነው። ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ስለዚህ 8 ቀንስ። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ 12 ላይ ከቆመ በዚህ ቁጥር ብቻ ሞተር አይፈታም። ጉልበቱም እንደዚያው ነው፤ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው መኪና እናንተ ጋ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ታች ትቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ደጀን ስትደርስ ትንሽ ቢደክም አትፍረድበት።

ኮዱ ግን አልዋሸም። ፒ0171 ማለት ወይ አየሩ በዝቷል፣ ወይ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። አንተ የቀየርከው የኦክስጅን ሴንሰር ወሬ ነጋሪው ነው። ያ መካኒክ ኮምፒውተሩን እንደገና ይሰካና ፊዩል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ያሳይህ፤ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ተጨማሪ ቤንዚን እየሰጠ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። አንዴ በሚኒሞ፣ አንዴ በ2,500 ዙር ይነበብ። በሚኒሞ 20 ፐርሰንት አካባቢ ጨምሮ ሲረገጥ ወደ 5 ከወረደ፣ ሞተሩ በስንጥቅ አየር እየሳበ ነው። በሚኒሞ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ የሚሾልከው ጎልቶ ይታያል፣ ሲረገጥ ግን በብዙው አየር ይዋጣል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነ ስንጥቅ ፍለጋውን ተወው፤ የነዳጅ ፊልትሮውን፣ ፓምፑንና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን እይ። ሽቅብ ላይ እስከ ታች ረግጠህ ጉልበት የምታጣ ከሆነ እኔ አየር ከሚያስገባ ስንጥቅ በፊት የምጠረጥረው እነዚህን ነው፣ የቤንዚን ግፊትም ይለካ።

ያንተ ግን ጠዋት ብሶ ሲሞቅ የሚሻለው መሆኑ ወደ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መገጣጠሚያውን ወደሚያሽገው ንጣፍ ይወስደኛል። ሲያረጅ ይደርቃል፣ በብርድ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። የማርቆስን ጠዋት ታውቀዋለህ መቼም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ወፍራም ቱቦ ነው። ቆሞ ስታየው ደህና ይመስላል፤ ሽቅብ ስትረግጥና ሞተሩ ሲነቀነቅ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ስንጥቅ አፉን ይከፍታል። አውልቀህ ብርሃን ላይ በእጅህ ለጥጠው፣ በተለይ የታችኛውን ጎን። ቴፕ እንዳታስጠቀልልበት፣ በሙቀት ይለቃል።

ስንጥቅ ለመፈለግ በሲሪንጅ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። በጋለ ሞተር ላይ! መኪናውን ከነጋራዡ ማቃጠል ነው። ውሃ በስፕሬይ ጠርሙስ ይበቃል። ኮይሉንና ሶኬቶቹን እያስቀረህ በማኒፎልዱ መገጣጠሚያና በቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ቀስ ብለህ እርጭ። የሞተሩ ድምፅ የተቀየረበት ቦታ ላይ ቁም። ቀጫጭን ቱቦዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርግ፤ ሚኒሞው ከተስተካከለ ችግሩ በዚያ መስመር ላይ ነው።

አንዱን ቱቦ ግን ለነገ አትበለው፣ ወደ ፍሬን ሰርቮው (በቫኪዩም ኃይል የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልልህ) የሚሄደውን። ሞተሩን አጥፋ፣ ፍሬኑን እስኪደርቅ ደጋግመህ ርገጥ፣ እግርህን ሳታነሳ አስነሳው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካልወረደ፣ ወይም ፍሬን ስትይዝ የሚፉጭ ድምፅ ከሰማህ፣ በዚያ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል እንዳትወርድ። ጉልበት ማጣት ቢበዛ ያዘገይሃል፣ ፍሬን ማጣት ግን እዚያ ገደል ላይ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ ያለው። ጉልበት ቀንሶ ጥቁር ጭስ ይለቃል። እሱም ቫኪዩም ያፈሳል እንዴ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እንደ ቤንዚኑ አይደለም። ናፍጣ አየሩን ሳይታፈን ስለሚስብ ማኒፎልዱ ላይ ይህ ነው የሚባል ቫኪዩም የለውም። ለፍሬኑ የሚሆነውን የሚሠራው ራሱን የቻለ ፓምፕ ነው፣ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ታገኘዋለህ። ነገር ግን ቱርቦው በቫኪዩም የሚታዘዝ ከሆነ አንዲት የተሰነጠቀች ቀጭን ቱቦ ጉልበቱን ትወስዳለች። ጥቁር ጭስ ካለ ግን እኔ የምጀምረው ከቱርቦ ወደ ሞተር አየር ከሚገፋው ትልቁ ቱቦ ነው። እዚያ አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አይገባም፤ ናፍጣው ሳይጎድል አየሩ ስለሚያንስ ይጨሳል። ሲረገጥ ፉጨት ካለ አዳምጥ፣ ከዚያ አጥፍተህ ሲቀዘቅዝ ቱቦውን ዙሪያውን በእጅህ ዳስሰው። ዘይት የወዛበት ቦታ ካገኘህ ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) ፈትተህ ከሥሩ እይ።