አሮጌ ማውንቴን ብስክሌት ቤት ውስጥ ማደስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለተሠሩ፣ የብረት ፍሬምና የ26 ኢንች ጎማ ስላላቸው ማውንቴን ብስክሌቶች የተላኩ ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ከጎረቤት የጋራዥ ሽያጭ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ብስክሌት ገዛሁ። ካቴናው ዝጓል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ጎማ፣ ካቴናና ኮርቻ ላዝ ነው። ሌላስ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይዘዙ። መጀመሪያ ፍሬሙ ጤነኛ መሆኑን ይወቁ። በሳሙና አጥበው ካደረቁት በኋላ በቀን ብርሃን ይዩት። ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ፣ ከላይኛው ጫፉ አጠገብ በታችኛው በኩል በጣትዎ ይዳብሱ። ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ቱቦው አብጦ ካገኙት ብስክሌቱ በፊቱ ተጋጭቷል፤ እንዲህ ያለውን ፍሬም ለመንዳት ማደስ አንመክርም። በፔዳሉ ዙሪያና የኋላው ጎማ በሚታሰርበት ቦታም ስንጥቅ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ቸርኬው። የፍሬኑ ጎማ የሚያርፍበት ገጽ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ያስጠጉ። በመሀሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉድጓድ ካለ ቸርኬው ሳስቷል፤ ጎማው ሲነፋ ጠርዙ ሊፈነዳ ይችላል። በመጨረሻ የኮርቻው ዘንግና የመሪው አንገት ከፍና ዝቅ ይሉ እንደሆነ ይሞክሩ። ብዙ እድሳት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ቀድሞ ከተገዛ ደግሞ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈ ይዘዙ። ጎማ ሲገዙ «26 ኢንች» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ ጎኑ ላይ 559 የሚል ቁጥር መኖር አለበት። 590 የተጻፈበትም 26 ኢንች ይባላል፣ ግን አይገባም። ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ፦ አዲስ ሲሆን ከአንዱ ፒን መሀል ተነስተው 24 ፒን ሲቆጥሩ ልክ 12 ኢንች ይመጣል። ከዚያ 1.6 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ካቴናውን ብቻ ይለውጡ። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም ተበልተዋል፤ አዲሱ ካቴና ዳገት ላይ ይዘላል፤ ሁለቱን አብረው ይለውጡ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የኮርቻው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቋል። በመዶሻ መታሁት፣ ንቅንቅ አላለም። እሳት ላሳየው?

መልስ፦ እሳት አያሳዩት። በእነዚህ ብስክሌቶች ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ቀለሙም ይቃጠላል። የያዘው ነገር ተራ ዝገት አይደለም። ላብና ዝናብ በመሀላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ተበልቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ዘንጉን እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። መዶሻ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

የማሰሪያውን ቡሎን ጨርሰው ያውጡ። የፔዳሎቹን የመሀል ፐርኖ ፈትተው ብስክሌቱን ይገልብጡና በቱቦው ውስጥ ከዚያ በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ያፍስሱ። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ አይገባም። ያሳድሩት፤ ሦስት አራት ቀን እየጨመሩ ይደጋግሙ። ዘይቱ ካልሠራ አሞኒያ ሊሞክሩ ይችላሉ፤ ይህ ግን ፍሬሙ ብረት ሲሆን ብቻ ነው። ውጭ ሆነው፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ይሥሩ፤ በረኪና በነካው ዕቃ በፍጹም እንዳይጠቀሙ፣ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከዚያ ኮርቻውን አንስተው የዘንጉን ራስ በትልቅ ሞርሳ ይሰሩት፤ ሁለቱን ጎማዎች አውጥተው ፍሬሙን ራሱን እንደ እጀታ ያዙሩት። ኃይሉ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይሁን። ፍሬሙ ራሱ ሲጠማዘዝ ካዩ ያቁሙ፤ ወደ ዘይቱ ይመለሱ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ወዲያው ለመንቀል አይቸኩሉ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ዘይት ይጨምሩ፤ እያዞሩ ይሳቡ።

ይህም እምቢ ካለ ዘንጉን ከፍሬሙ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡትና፣ የብረት መጋዝ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ከውስጥ ቁመቱን ይሰንጥቁት። የሰዓታት ሥራ ነው። የሚወርደውን ብናኝ በየጊዜው ማግኔት ያስጠጉበት፤ አሉሚኒየም በማግኔት አይያዝም። ብናኙ ማግኔቱ ላይ መሰብሰብ ከጀመረ ምላጩ ፍሬሙን እየነካ ነው፤ ቦታ ይለውጡ። ስንጥቁ እስከ ታች ሲደርስ ጠርዙን በፒንሳ ወደ ውስጥ ያጥፉት፤ ዘንጉ ይጠብባል፣ ይወጣል።

የአዲሱ ዘንግ ስፋት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከሌለ ያልተበላውን ቦታ በካሊፐር ይለኩ። 26.4፣ 26.8ና 27.2 ለዓይን አንድ ናቸው። 0.2 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ዘንግ ግን ይንሸራተታል፤ ቡሎኑን ባጠበቁት ቁጥር የፍሬሙን ከንፈር ያጣምመዋል። ሲያስገቡት ግራሶ ይቀቡት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥተው መልሰው ይቀቡት።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ የሺማኖ ራፒድፋየር ማርሽ መቀየሪያዬ በጣቴ ስገፋው ባዶውን ይሄዳል፣ ኬብሉን አይስብም። ልለውጠው?

መልስ፦ አይለውጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተሰበረም። ፋብሪካ የገባው ግራሶ ከዓመታት ብዛት እንደ ሰም ደርቆ፣ ጥርሱን የምትይዘውን ትንሽ ምላስ አጣብቋት ነው። ኬብሉን አውጥተው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ግራሶ የሚያሟሟ ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ እየነፉ መግፊያውን ደጋግመው ይጫኑ። ቡናማ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ንጹሕ እስኪሆንና ምላሷ «ቀጭ ቀጭ» እስክትል ይቀጥሉ። ሲደርቅ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ውስጡን አይበታትኑት፤ ስፕሪንጎቹ አንዴ ከዘለሉ መልሶ መግጠም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሞዞዎቹን (የመንኮራኩሮቹን እምብርት) እና የመሀል ፐርኖውን ልፈታ ነው። ስንት የኩሽኔታ ብይ ልግዛ? የፐርኖው የቀኝ ቀለበትስ ለምን አልፈታ አለኝ?

መልስ፦ በተለመደው አሠራር የፊት ሞዞ በየጎኑ 10 ብይ (3/16 ኢንች)፣ የኋላው በየጎኑ 9 (1/4 ኢንች)፣ የመሀል ፐርኖው በየጎኑ 11 (1/4 ኢንች) ይይዛል። የወጣውን ቢቆጥሩም ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ ከዚህ በፊት የፈታው ሰው አጉድሎ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአዲስ ይተኩ። ያረጀውን ግራሶ በናፍጣ እንጂ በቤንዚን አይጠቡ።

የቀኙ ቀለበት አልፈታ ያለዎት ጥርሱ ግራ ዞር ስለሆነ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት። የግራው ፔዳልም እንዲሁ ነው። የፔዳሉን ክንድ በመንቀያ ከመሳብዎ በፊት ቡሎኑን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሮንዴላም ያውጡ፤ ሮንዴላው ከቀረ መንቀያው እሱን ይገፋና የክንዱን የአሉሚኒየም ጥርስ ጠርጎ ይወጣል። ሞዞውን ሲያስተካክሉ፣ በእጀታ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ትንሽ ልቅነት ይተዉለት። እጀታው ሲጠብቅ ያ ልቅነት ይጠፋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቀለሙን ልጬ ልቀባው?

መልስ፦ ዝገቱ ብረቱን ካልበላው አይላጡት። የፋብሪካው ቀለምና ጽሑፍ ተመልሶ አይመጣም። የዛገውን ነጥብ ብቻ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ፀረ ዝገት ይቀቡ፤ በላዩ ተመሳሳይ ቀለም ያለው የጥፍር ቀለም ይበቃል።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ፍሬኑ ይጮኻል፣ አይይዝም። ቪ-ብሬክ ልግጠምበት?

መልስ፦ ሺማኖ ቪ-ብሬክን ያወጣው በ1996 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የእጅ መያዣዎች የሚስቡት ኬብል ግማሽ ያህሉን ነው። የድሮውን መያዣ ይዘው ከገጠሙት ፍሬኑ ሳይዝ መያዣው እጀታው ላይ ያርፋል። ካንቲሌቨሩ (ሁለት ክንዶቹን በመሀል አገናኝ ኬብል የሚስበው የድሮው ፍሬን) ራሱ በደንብ ይይዛል፤ የደረቁትን የፍሬን ጎማዎች ይለውጡ፣ ቸርኬውን በአልኮል ይጥረጉ። አዲሶቹን ሲያስሩ የኋላ ጫፋቸው ሥር 1 ሚሊ ሜትር ካርቶን አስገብተው፣ የፊት ጫፉ ቀድሞ እንዲነካ ያድርጉ፤ ጩኸቱ ይቆማል። ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘውን ኬብል ዝቅ ሲያደርጉት ኃይሉ ይጨምራል። ለፍሬን የፍሬን ሽፋን ኬብል እንጂ የማርሹን አይጠቀሙ፤ የማርሹ ሽቦዎች በቁመት የተደረደሩ ስለሆኑ በድንገተኛ ፍሬን ይፈነዳል። በፊት ፍሬን ላይ ደግሞ ዋናው ኬብል ቢበጠስ ያ አገናኝ ኬብል ጎማው ላይ ወድቆ መንኮራኩሩን በአንዴ ሊያቆመው፣ ነጂውንም በመሪው ላይ ሊወረውረው ይችላል፤ እንዳይወድቅ የሚይዘውን የአንጸባራቂ ማሰሪያ ወይም የጭቃ መከላከያ ከፎርኩ ላይ አያንሱ።