ኔት ሲጠፋም የሚሠሩ ድረ ገጾች፦ ለተማሪዎችና ለኮምፒውተር ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች! ሰሞኑን «ጥሩ ድረ ገጽ ጠቁመን» የሚል ጥያቄ በርክቷል። የመጡትን ሰብስቤ እዚሁ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸውን በነጻ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። በተቻለኝ መጠን ደግሞ አንዴ ከተማ ላይ አውርዳችሁ፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ቤት ወስዳችሁ የምትሠሩባቸውን አስቀድማለሁ። ለኛ አካባቢ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ ኤሌክትሪክ ምዕራፍ አልገባ ብሎኛል። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ የለም። ምን ላድርግ?

ፌት የሚባለውን፣ የሳይንስ ሙከራ ስክሪን ላይ የሚያሠራ ድረ ገጽ ክፈት። ጎግል ላይ ስትፈልገው ፊደሎቹ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ናቸው። የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጀው። በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን ነው።

«ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት» የሚለውን ምረጥ። ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ እየጎተትክ ታገናኛለህ። ኤሌክትሮኖቹ ሽቦው ውስጥ ሲጓዙ ታያለህ። ሁለት አምፖል መጀመሪያ በተከታታይ አገናኝ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን። ከዚያ አንዱን ንቀለው። በተከታታዩ ላይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ጎን ለጎኑ ላይ ሌላው መብራቱን ይቀጥላል። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ብታገናኘው ደግሞ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ይህን በእውነተኛ ዕቃ እንዳትሞክረው፤ እዚያ ግን እንደፈለግክ ሞክር። ሲገባህ ወደ ስሌቱ ግባ፤ ለስሌቱ ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ልምምድ ሥራ።

ጥያቄ (ከአንኮበር፣ መምህር)፦ አንድ ላፕቶፕ አለን። ኢንተርኔት የለም። ተማሪዎቹ ስልክ አላቸው። የሚሆነን ነገር ይኖራል?

መምህር፣ ይህን ጥያቄ በጉጉት ነው የምመልሰው። መፍትሔው አለ፤ የሚያውቀው ሰው ነው ያነሰው። ኪዊክስ ይባላል። አንድን ድረ ገጽ እንዳለ በአንድ ፋይል ጨምቆ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። ፋይሎቹ «ዚም» ይባላሉ። ውክፔዲያ፣ ከላይ ያልኩት ፌት፣ የፕሮጀክት ጉተንበርግ መጻሕፍት በዚህ መልክ ተዘጋጅተዋል።

ሙሉው የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ለክፍል እሱ አያስፈልግዎትም። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ውክፔዲያ አለ። ዓረፍተ ነገሩ አጫጭር ስለሆነ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች እሱን እመርጣለሁ። ፍላሽ ላይም ይገባል። የአማርኛው ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል፤ የማንኛውም ተማሪ ስልክ ይችለዋል።

አሁን አንዱን ላፕቶፕ ለሁሉም የሚያደርስልዎትን ልንገርዎ። ኪዊክስን ላፕቶፑ ላይ ከፍተው ሜኑው ውስጥ «ሎካል ኪዊክስ ሰርቨር» የሚለውን ይጫኑ። በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ያሳይዎታል። ላፕቶፑንና ስልኮቹን በአንድ ዋይፋይ ያገናኙ። ራውተር ከሌለ የአንድ ስልክ ሆትስፖት ይበቃል፤ ዳታው ቢዘጋም ችግር የለውም። ተማሪዎቹ አድራሻውን ብሮውዘራቸው ላይ ይጽፉና ያነባሉ። ከማንም ስልክ ካርድ አይቆረጥም። ሆትስፖት በአንዴ የሚያስተናግደው ጥቂት ስልክ ስለሆነ በቡድን በቡድን ያድርጉት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ኮዲንግ መማር ይቻላል?

ለመጀመር ይቻላል እህቴ። ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ ጫኚ። ፓይዘን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስልክሽ ላይ ያለ ኢንተርኔት ያሠራልሻል። ትምህርቱን ፍሪኮድካምፕ ከሚባለው የኮዲንግ ማስተማሪያ ድረ ገጽ ውሰጂ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሲኤስ50 ግሩም ነው፣ ግን ቪዲዮዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ግቢ ዋይፋይ ሲኖር አውርጃቸው።

እኔ ይበልጥ የምወደው ፕሮጀክት ኦይለርን ነው። ጥያቄ ይሰጥሻል፣ መልሱን ታስገቢያለሽ፣ ትክክል ወይም ስህተት ይልሻል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው፦ ከ10 በታች ያሉ የ3 ወይም የ5 ብዜቶች 3፣ 5፣ 6 እና 9 ናቸው፤ ድምራቸው 23 ነው። ከ1000 በታች ያሉት ድምራቸው ስንት ነው? ብዙ ሰው የ3ቱን ለብቻ፣ የ5ቱን ለብቻ ደምሮ ይቀላቅላቸዋል። ያኔ 15፣ 30፣ 45 ሁለቴ ይቆጠራሉ። ይህን ያስተካከለ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሯል እላለሁ። መልሱን አልነግርሽም፣ ራስሽ አውጪው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና፣ እናት)፦ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ከስልክ ጌም አልላቀቅ አለኝ።

ጌሙን ከመከልከል ጌም እንዲሠራ ቢያደርጉት ይሻላል። ስክራች የሚባል አለ፤ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለልጆች ያዘጋጀው ነው። ኮዱ አይጻፍም፤ ባለቀለም ብሎኮች ይገጣጠማሉ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ያለ ኔት የሚሠራም አለው። ቼዝ ከወደደ ደግሞ ሊቼስ ላይ ይጫወት፤ ማስታወቂያም ክፍያም የለበትም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ለመዝናናት የሚሆንስ? ትምህርት ብቻ አይሰልችም?

ስቴላሪየም ዌብን ሞክር። የምትኖርበትን ቦታ ስታስገባ በራስህ ሰማይ ላይ ያሉትን ከዋክብት በየስማቸው ያሳይሃል። አገራችን ለዚህ የታደለች ናት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ የዚያኑ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዞር ብትል የደቡብ መስቀል የሚባሉትንም ታገኛለህ። አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ እነዚህን አያይም።

ሬዲዮ ጋርደንም አለ፤ የምድርን ሉል እያሽከረከርክ የየአገሩን ሬዲዮ ትሰማለህ። ዳታ ይበላል፣ ዋይፋይ ላይ ብቻ።

ጥያቄ፦ ሰርተፍኬት የሚሰጥ የለም?

አለ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም በነጻ ያስተምራል፣ ስትጨርስም ሰርተፍኬት ይሰጣል። ፍሪኮድካምፕም ይሰጣል፣ ግን ፕሮጀክት ሠርተህ ማስገባት አለብህ። እኔን ብትጠይቀኝ ክብደቱ እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰው የተቀበልኩት ሶፍትዌር ቫይረስ ይኑረው አይኑረው በምን ላረጋግጥ?

ሳትከፍተው ቫይረስቶታል ላይ ስቀለው። በአንዴ በብዙ ጸረ ቫይረሶች ይፈትሽልሃል። ሁሉም «ንጹሕ» ቢሉም ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበት ሆኖ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ሶፍትዌር ከሆነ አልጭነውም። የግል ሰነድህን ግን እዚያ አትስቀል፤ የተሰቀለ ፋይል ለደኅንነት ባለሙያዎች ይጋራል።

ጥያቄ (የአንኮበሩ መምህር በድጋሚ)፦ የኪዊክሱን ፋይል የማወርድበት ኔት ከየት ላምጣ?

እሱን እዚያ ማውረድ አይጠበቅብዎትም። ደብረ ብርሃን ሲመጡ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይያዙ። ቀላሉን እንግሊዝኛ፣ አማርኛውንና ፌትን እኔ እጭንልዎታለሁ። ፍላሹን ግን አስቀድመው በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።