ባንዱም ጓደኝነቱም እንዳይፈርስ፦ ከከተማ ዳር ለሚለማመዱ ባንዶች ጥያቄና መልስ

መሐል ከተማ የልምምድ ቤት ኪራይ ያልቻሉ ወጣት ባንዶች ወደ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ሱሉልታና ኮዬ ፈጬ እየወጡ ነው። አብዛኞቹ አብሮ አደጎች ናቸው። ከእነሱ የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች እዚህ የሚመልሱት ባንዶችን በቅንብርና በልምምድ የሚያግዙ አንጋፋ ሙዚቀኛ ናቸው።

ጋሼ፣ አምስት ሆነን አብረን ያደግን የለገጣፎ ልጆች ነን። ለልምምድ እንሰበሰብና ሦስት ሰዓቱ በወሬ ያልቃል። ምን ይሻለናል?

ወሬውን አታጥፉት፤ ሰዓት ስጡት። ወሬ የሚጎዳው ልምምዱ መሐል ሲሰነቀር ነው። አንዱ የተጠላለፈ ገመድ ሲፈታ ሌላው ስልኩን ያወጣል፣ ቤዙ ብቻውን ደስ ያለውን ይመታል፣ ሃያ ደቂቃ ሄደ ማለት ነው።

ልምምዳችሁ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ከሆነ እንዲህ ክፈሉት። መጀመሪያ 20 ደቂቃ መትከልና መቃኘት። በዚህ ጊዜ ማንም ዘፈን አይመታም፤ በተለይ ክራር ወይም ማሲንቆ ካላችሁ በጩኸት መሐል መቃኘት አይቻልም። ቀጥሎ 50 ደቂቃ ሥራ ላይ ላሉት ዘፈኖች፣ ያውም ከላይ እስከ ታች ሳይሆን ለተበላሸው ቦታ ብቻ፦ ለመግቢያው፣ ወደ አዝማች ለመሻገሪያው፣ ለመዝጊያው። ብዙ ባንድ ደህና የሚጫወተውን ክፍል አሥር ጊዜ ይደግምና መዝጊያው ላይ መድረክ ላይ ይተያያል። ከዚያ 30 ደቂቃ ቡና። ቡናው አስቀድሞ ካልተቆላ ግን 30 ደቂቃ አትበቃም፣ ይህን እወቁ። አቦልና ቶና ላይ ስለ ባንዱ ምንም አይነሳም፤ በረካ ላይ ቀጣዩን ሥራ ማንሳት ይቻላል። ከቡና በኋላ 60 ደቂቃ ለአንድ አዲስ ዘፈን ብቻ። የመጨረሻዋ 20 ደቂቃ ለመጠቅለያ፣ ለሒሳብና ለሚቀጥለው ቀጠሮ።

ሰዓት ጠባቂው በየሳምንቱ ይቀያየር። አንድ ሰው ብቻ ከያዘው በሁለት ወር ውስጥ አለቃ ይሆንባችኋል፤ ከእንግዲህ ቀልዱ ሁሉ በእሱ ላይ ነው።

አንዱ ልጅ ሁሌ ያረፍዳል። ቅጣት እንጣል?

ቅጣት ገንዘብ ያለውን አያስፈራም፣ የሌለውን ያስቀራል። መጀመሪያ በስንት ታክሲ እንደሚመጣ ጠይቁ። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ለእሱ ስጡት። በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ ችግሩ ታክሲው አይደለም።

ገላን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ግድግዳውን በእንቁላል ትሪ ሸፈንነው። ጎረቤት አሁንም ያማርራል። ለምን?

የእንቁላል ትሪ ድምፅ አያግድም። ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቤዙና የድራሙ እግር እንደ ልባቸው ያልፋሉ። ደግሞ እሳት ይወዳል፤ ኤክስቴንሽን ከሚግልበት ቤት ጋር አይሄድም፣ ንቀሉት።

ድምፅ የሚያግደው ሁለት ነገር ነው፦ ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር። ያልተለሰነ ብሎኬት ስለሚያሳልፍ በሁለቱም ወገን ይለሰን። በሩ ዙሪያውን ጎማ ይደረግበት፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም ይዘጋ፤ የጣት ስፋት ያላት ክፍተት የግድግዳውን ድካም ሁሉ ታበላሻለች። መስኮቱን በውስጥም በውጭም በቺፕውድ ግጠሙት፣ መሐሉ አየር ይኑረው። ከሁሉ የባሰው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ለድምፅ እንደ ወንፊት ነውና ወፈር ያለ ኮርኒስ ያስፈልገዋል። ወፍራም የጭቃ ቤት ካገኛችሁ አትናቁት፤ ግድግዳው ከባዶ ብሎኬት ይሻላል።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ ካልበቃ ከምንጩ ቀንሱ። ድራሙን በወፍራም ምንጣፍና ስፖንጅ ላይ አስቀምጡ፣ ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ላይ የታጠፈ ጋቢ ጣል አድርጉ፣ የሌላውን መሣሪያ ድምፅ በዚያ በታፈነ ድራም ልክ አስተካክሉ። ከባለቤቱና ከጎረቤት ጋርም የተቆረጠ ሰዓት ይኑራችሁ። ሰው የሚያማርረው ከጩኸቱ ይልቅ መቼ እንደሚያልቅ ባለማወቁ ነው።

መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ጀነሬተር እንግዛ?

ለልምምድ አትግዙ። መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩንና ኪቦርዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በስታቢላይዘር በኩል ሰኩ። መጀመሪያ ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። የጨለማውን ሰዓት ደግሞ ለዜማ ተጠቀሙበት፦ ክራር፣ ከበሮ፣ አንድ ድምፅ። ያለ መብራት የማይቆም ዜማ በመብራትም አይቆምም።

ቡራዩ ነን። አምስታችንም ተሰብስበን ዘፈን ለመሥራት ስንሞክር ምንም አይወጣም። እያንዳንዱ ሐሳብ ይገደላል።

አምስት ሰው ቅንብር ይሠራል፣ ዜማ ግን አይወልድም። ዜማ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ነገር ነው። ከአምስት ሰው አሥር የተለያየ ጥንድ ይወጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ ጥንዱን እያቀያየራችሁ አንድ አዝማችና አንድ ቤት ይዘው እንዲመጡ አድርጉ። ቅጂው በስልክ ይሁን፣ መሣሪያው አንድ ብቻ፣ ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ፋይሉ ላይ ቀኑ፣ ቅኝቱ፣ መነሻ ድምፁና ቴምፖው (ፍጥነቱ) ይጻፍ፤ “አዲስ 3” የሚባል ቅጂ ከወር በኋላ ማንም አያገኘውም።

ሲቀርብ መጀመሪያ ዝም ተብሎ ይሰማ። ሁለተኛ ጊዜ ሁሉም በመሣሪያው ይከተለው። አስተያየት ከዚህ በፊት አይፈቀድም፤ ከሙከራ በፊት የሚሰጥ አስተያየት ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ አምጪው ነው። ከዚያ ሦስት ፍርድ ብቻ፦ ይቀጥል፣ ይቀመጥ፣ ለባለቤቱ ይመለስ። “ይጣል” የሚባል የለም። የተመለሰለት ሰው ለሌላ ድምፃዊ ቢሰጠው ቅሬታ አይነሳበትም።

ብዙ ጊዜ ጠብ የሚመስለው ነገር የቅኝት አለመስማማት ነው። ለምሳሌ የዜማው ቅኝት አምባሰል ሆኖ መነሻ ድምፁ ሲ ቢሆን፣ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ጊታሩ በልማድ ሲ ሜጀር ኮርድ ሲይዝ ኢ ይገባል፤ ኢ ቅኝቱ ውስጥ የለችም፣ ከኤፍ ጋርም ትጋጫለች። ድምፃዊው “አበላሸኸኝ” ይላል፣ ጊታሪስቱ “አንተ ከድምፅ ወጣህ” ይላል። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ግን ድምፆቻቸው በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው፤ ከእነሱ ጀምሩ፣ ወይም ሲ እና ጂን ብቻ ያዙ። ከሲ የሚነሳ አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይ ደግሞ ጂ ራሱ የለም፣ ጂ ፍላት ነው፤ ቤዙ በልማድ ወደ አምስተኛው ድምፅ ከሮጠ ቅኝቱ ወዲያው ይፈርሳል።

ግጥሙስ? ዜማው ካለቀ በኋላ ግጥም ስንጭንበት ይንገዳገዳል።

ሁለት ቦታ ፈትሹ። አንደኛ ልኩን። ዜማው በየወል ቤት ልክ፣ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ሆኖ ከተሠራ፣ አምስት አምስት የሆነ የሰንጎ መገን ግጥም ሲገባበት ክፍተት ይተርፋል፤ ድምፃዊው ክፍተቱን በ“ኧረ” እና በ“እህ” ይሞላዋል። አንድ ጊዜ ያምራል፣ በየቤቱ ሲሆን ግን የግጥሙ ድህነት ነው። ሁለተኛ ቃሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን። “ገና” ሲላላ “ቆይቶ” ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። “ዋና” ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ዜማው ረጅም ኖታ አላግባብ ካሳረፈበት አድማጭ ሌላ ቃል ይሰማል። ገጣሚውን ከመውቀስ በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ዜማውን በቃሉ ልክ አሻሽሉ። ቃሉን በዜማው ልክ ማጣመም የሰነፍ መንገድ ነው።

ዘፈኑ የማን ነው? ሁላችንም አንድ ነገር ጨምረንበታል።

ይህን ዘፈኑ ከመወደዱ በፊት ጨርሱት። ከተወደደ በኋላ ሁሉም ሰው የበለጠ እንደሠራ ያስታውሳል፤ እየዋሸ አይደለም፣ እንደዚያ ይመስለዋል።

በአገራችን ልማድ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። ዘፈኑ “ይቀጥል” በተባለበት ቀን አንድ ወረቀት ላይ የዘፈኑን ስም፣ ቀኑን፣ በሦስቱ ረድፎች የሠሩትን ስምና ድርሻ ጻፉና አምስታችሁም ፈርሙ። መነሻ ካጣችሁ ግጥም 40፣ ዜማ 40፣ ቅንብር 20 ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ይህ ሕግ አይደለም፣ የድርድር መጀመሪያ ነው። አንድ ቃል የቀየረ ገጣሚ አይሆንም፤ አዝማቹን ያመጣ ይሆናል። የቤዝ መስመሩ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው ከሆነ ቅንብር ውስጥ ይግባ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሐሳብ ብቻ ጥበቃ አይሰጥም። “እኔ ነኝ ስለ እናት እንዝፈን ያልኩት” ድርሻ አያስገኝም። በጋራ የተሠራ ሥራ የጋራ ባለመብቶች አሉት። ጥበቃው የሠሪውን ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ በጋራ ሥራ ላይ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሠሪ ካረፈ ጀምሮ ነው። ያቺ ወረቀት ለልጆቻችሁም ትደርሳለች ማለት ነው፤ ናፕኪን ላይ አትጻፏት።

የሠርግ ሥራ ገንዘብ እንዴት እንካፈል?

ለአምስት ሰው ስድስት ድርሻ። ስድስተኛው የባንዱ ነው። ሥራው 60,000 ብር ቢሆንና ለሳውንድ፣ ለመኪናና ለምግብ 18,000 ቢወጣ፣ 42,000 ይቀራል፤ ለስድስት ሲካፈል ሰባት ሰባት ሺህ ነው። የባንዱ ሰባት ሺህ ለኪራይ፣ ለገመድና ለክር ይውላል። ሒሳቡ በዚያው ሌሊት፣ ሁሉም ባለበት ይዘጋ። ብድር ከባንዱ ድርሻ አይወጣም፤ የተቸገረ ካለ ከኪሳችሁ አዋጡለት። ይህን እንደ እቁብ ገንዘብ እዩት፦ ሰብሳቢው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ።

መሣሪያው የማን ይሁን?

የየግል መሣሪያ የየግል፣ የጋራው የባንዱ፣ በዝርዝር የተጻፈ። ድሮ ብዙ ባንዶች በሆቴሉ ወይም በክለቡ መሣሪያ ስለሚጫወቱ ከቤቱ ሲለቁ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት የራሱ መሣሪያ የነበረው መሆኑ አንዱ ጥንካሬው ነበር። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለጉዞ ሄዶ ከፊሉ እዚያ ሲቀር ከፊሉ ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ሰው ቢሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ አሁኑኑ ጻፉ፤ ጥል ሳይኖርም ሰው ይሄዳል።

በሁዳዴ ሥራ ይጠፋል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። ምን እናድርግ?

ሥራ መጥፋቱን እንደ ጉዳት አትዩት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ በኦርቶዶክሱ ዘንድ ሠርግ የለም፤ ዘፈን ለመሥራት ከዓመቱ የተሻለው ወቅት ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ፈጽሞ አትገናኙ፤ ከጥር ሠርግ ድካም የወጣ ሰው ዜማ የለውም፣ ድምፁም ማረፍ አለበት። ከዚያ አራት ሳምንት ለጥንዶቹ ሥራ ስጡ። የቀረው ለቅንብር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲመለስ ሁለት አዲስ ዘፈን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሁለት በቂ ነው።

ጾመኛ ልጅ ከ9 ሰዓት በፊት ካልበላ ልምምዱን ከምግብ በኋላ አድርጉ። በረመዳን ደግሞ አፍጥርን አታስጨንቁ፤ የሚጾም ጓደኛ ካለ ጠዋት ተለማመዱ። ክረምት ቅጂ አትሞክሩ፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማይክ የሚሰማው ዝናቡን ብቻ ነው። ያለ ማይክ በገመድ በቀጥታ የሚቀዱትን ኪቦርድና ቤዝ ግን መቅዳት ይቻላል።

ጓደኝነታችን ሥራ ብቻ ሆነ። አብረን መዝናናት ትተናል።

በወር አንድ ቀን መሣሪያ የሌለበት ይሁን። ኳስ፣ እንጦጦ፣ የአንዳችሁ እናት ቤት። የቴሌግራም ግሩፕም ሁለት ይሁን፦ አንዱ ለቀጠሮና ለቅጂ፣ ሌላው ለቀልድ። በአንዱ ውስጥ ሲደባለቁ ቅጂው ከቀልዱ ሥር ይቀበራል፣ ቀልዱም በቀጠሮ ይሞታል።

ከልምምድ በኋላ ጆሮዬ ይጮኻል።

ድምፁ በዝቷል። 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ግዛ፣ ከሲምባሉ ፊት ለፊት ተነሣ። ጩኸቱ በማግሥቱም ካለ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ድራመራችን የልብ ጓደኛችን ነው፣ ግን ቴምፖ አይጠብቅም። እንዴት እንንገረው?

ሳትነግሩት በፊት እርግጠኛ ሁኑ። ሁለት ዘፈን በስልክ ቅዱና የት እንደሚፈጥን በደቂቃ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ወደ አዝማች ሲሻገር ወይም ድምፃዊው ሲጮህ ነው፤ ያኔ የሚያፈጥነው ባንዱ በሙሉ ሊሆን ይችላል። የኪቦርዱ ግራ እጅ ከቤዙ ጋር ተደራርቦ ሲገፋም ድራመሩ ይከተላል። ድራሙና ቤዙ ለብቻቸው ሲጫወቱ ከጸና፣ ተጠያቂው እሱ አይደለም።

እሱ ከሆነ፣ የችክችካውን ምት በክሊክ (ቴምፖ በሚቆጥር ድምፅ) ይለማመድ። ምቱ በስድስት ስምንተኛ ስለሚቆጠር ክሊኩን በእያንዳንዱ ስምንተኛ አታድርጉለት፤ ያስቸኩለዋል። በየባሩ ሁለት ምት ይበቃል። ከዘፈኑ ቴምፖ 70 በመቶ ይጀምር፣ አራት ጊዜ ሳይሳሳት ሲጫወት በደቂቃ 4 ምት ይጨምር። ቀጥሎ ሁለት ባር ክሊክ ያለው፣ ሁለት ባር ዝም ያለ ይሁን፤ ክሊኩ ሲመለስ የት እንደሚገኝ ራሱ ይሰማዋል። በቀን 20 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት። የሚነግረው ደግሞ ከሁሉ ቀረብ ያለው አንድ ሰው ይሁን፣ ቅጂውን ይዞ፣ ለብቻቸው። በግሩፕ አይጻፍለት።